ቀሚስ የለበሰው ኮምፒውተር

መርሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኡበይደላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ያለህበትን አገር አላህ የሰላም ያድርግልህ፣ የምትጎርሰውን ያጣፍጥልህ፣ የሚያይህን ዓይን ሁሉ የወዳጅ ዓይን ያድርገው። እኛ ደህና ነን። ዓሪፍም ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩን ትራክተር ሲነዳ ይውላል፤ ማታ ወገቤን ይላል፣ ጠዋት ተነስቶ ይሄዳል። ባሌን ታውቀዋለህ።

ደህና ነን ማለቴ በኛ ግቢ ነው። አጥሩን ተሻግረህ ስትገባ ደህና አይደለም። ዘነበች ከቡሄ ማግስት ጀምራ ወድቃለች። ጠዋት ቃሪያዋን ልታጠጣ ወጥታ ባልዲው ከእጇ አመለጠ፤ ላንሳው ብላ ጎንበስ ስትል እሷም ተከተለችው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት፣ ምላሷ ታሰረ። ወልድያ አድርሰናት ሐኪሙ «ሁሉ ነገር ይገባታል፤ የተያዘው አፏ ነው» አለን። ይገባታል ማለቱ ለኔ ባሰብኝ። ዓይኗ ይከተልሃል፣ ትሰማሃለች፣ ልትመልስልህ ስትል «እእ» ብቻ ነው የሚወጣት። ልጇ ፅዮን ወልድያ ካለው መሥሪያ ቤቷ ቅዳሜና እሑድ እየመጣች ታስታምማታለች። በሥራ ቀን እኔ ነኝ፣ ጎረቤታችን ፋንቱም ሲመቻት ብቅ ትላለች።

ዘነበች ላንተ ጎረቤት ብቻ እንዳልሆነች አልነግርህም። እናትህ ሀፍሳ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በወለደችህ ሰሞን ወባ ሲጥላት፣ ፅዮንን በአንድ ጎኗ አንተን በሌላው ጎኗ ይዛ ያጠባችህ እሷ ናት። እና እወቀው ብዬ ነው።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ነጋዴው ኢስሐቅ ከዚያ ከናንተ ቻይና ሲመለስ የላክኸውን የኮምፒውተር ካርቶን አምጥቷል። ወልድያ ድረስ ሄጄ በእጄ ተረከብኩት። «እቴ ነሲባ፣ የኡበይድ አማና ነው፣ አደራው። ከኔ ትከሻ ወርዷል፣ ካንቺ ትከሻ ላይ ነው» አለኝ። ሐሳብ እንዳይገባህ። በዒድ ሻርፔ ጠቅልዬ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ከጋቢው ሥር አድርጌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። የሰው እጅ አልነካውም። አቧራ አላየውም። መጥተህ እንደላክኸው ታገኘዋለህ።

ደብዳቤውን ዓሪፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። መደወሉን ትቼዋለሁ፤ አንተ ትቸኩላለህ፣ ኔትወርኩ ካንተም ብሶ ይቸኩላል።

አክስትህ ነሲባ


ሼንዘን፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለነሲባ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ቤትዎን ሙሉ ያድርገው። ጋሽ ዓሪፍን ሰላም ይበሉልኝ።

አክስቴ፣ ደብዳቤዎን አንብቤ ራሴን ያዝኩ። ይቅር ይበሉኝና፣ ያ ዕቃ የተላከው እንዲቀመጥ አይደለም። እንዲጎሳቆል ነው! ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት ነበረበት እኮ። ወረቀቱንም ከጋቢው ሥር አስቀመጡት መሰለኝ።

እንደገና ላስረዳ። ሲከፍቱት ደብተር ነው፤ ላይኛው ገጽ መስተዋት፣ ታችኛው ፊደል። መስተዋቱን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ገፍተው፣ ዞሮ ጀርባው ከጀርባው ሲገጥም ደግሞ በእጅ የሚያዝ፣ በጣት የሚጻፍበት ታብሌት ይሆናል። የሚያዞሩት ሁለት ትንንሽ ማጠፊያዎች ናቸው። እነሱን የሠራሁ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመቴን የበሉት እነሱ ናቸው። ፊደሎቹን የአማርኛና የዐረብኛ አድርጌ ያስቀረጽኩትም ለናንተ ብዬ ነው።

እዚህ መሥሪያ ቤት ሌላ ቡድን አለ። የነሱ አይታጠፍም፤ መስተዋቱ ከታችኛው ተነቅሎ ይወጣል። አለቆቹ በመጋቢት መጨረሻ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። የነሱ ከተመረጠ የኔ ቡድን ይበተናል፤ ሥራዬ ሲሄድ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ማጠፊያውን ማሽን ሲያጥፈው ይውላል። የማሽን እጅ ግን ሽሮ አይነካም፣ አይቸኩልም፣ አይናደድም። እኔ የምፈልገው የመርሳን አቧራ፣ የመርሳን ሙቀት፣ የብዙ ሰው እጅ ነው። ለመንደሩ ይስጡት። ይታጠፍ፣ ይዘርጋ፣ ሻይ ይፍሰስበት። ቢሰበር ደስ ይለኛል። አደራ፣ ከሳጥኑ ያውጡት።

ኡበይደላ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኡበይደላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልብህን ደግሞ ትንሽ ያሳርፈው።

መልሴ የዘገየው ግማሹ በኔትወርኩ፣ ግማሹ በንዴቴ ነው። «ቢሰበር ደስ ይለኛል» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ነው ያሳደግኩት? ሰው አማና ልኮ ስበሩልኝ ይላል? ለዓሪፍ ባነብለት «ቻይና ሰውን እንዲህ ታደርጋለች ማለት ነው» አለ።

እኔም ሳጥኔን እንዲሁ አልከፈትኩም። ሸህ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ፤ አንተን አሊፍ ባ ያስቆጠሩህ እሳቸው ናቸውና። «ያ ሸህ፣ አማናውን ባለቤቱ ተጠቀሙበት ካለ ይነካል?» አልኳቸው። ጢማቸውን ይዘው አሰቡና «ባለቤቱ ከፈቀደ ሐላል ነው» አሉኝ።

«ስበሩት ካለስ?»

«ለሱ እንኳ ያየሁት ኪታብ የለም።»

ስለዚህ መጠቀሙን ይዤ መስበሩን ትቼዋለሁ።

ጁምዓ ከሰዓት ከፈትኩት። ቤቱ ሞላ። ዓሪፍ ትራክተር ሲገጣጠም የሚያሳይ ፊልም አየበትና ከዚያ ወዲያ ለሰው አልሰጥም አለ። ተሟግቼ ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩበት። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ የኛ ፊደል ከቁልፉ ላይ ተቀርጾ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎኑ ደግሞ የቁርኣኑ ፊደል። ይሁን፣ ልጄ ደክሞበታል አልኩ።

ጣጣው ግን ከዚያው መጣ። ዓሪፍ እንዳልከው መስተዋቱን ወደ ኋላ ጠቀለለና «ይኸው ታብሌት» ብሎ ምንጣፉ ላይ ቢያኖረው፣ ሸህ አብዱልጀሊል ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «አንሱት! ፊደሉን መሬት ላይ ደፋችሁት!» ዓሪፍ ደንግጦ እንደ ሕፃን አቀፈው። ገልብጠን ብናየው እውነታቸውን ነው። ስትጠቀልለው ፊደሉ ሁሉ በግንባሩ ይደፋል፤ አሊፉም፣ ሀ ሁም። ኡበይድ! አንተ እኮ የምትቀራበትን የእንጨት ሉህ መሬት አስነክተህ ሸሁ በልምጭ የሸነቆጡህ ልጅ ነህ። ፊደል እንደማይደፋ ሌላው ቢረሳ አንተ ትረሳለህ?

ከዚያ ወዲያ የሚያጥፈው ጠፋ። ሁሉም እንደ ደብተር ይከፍተዋል፣ እንደ ደብተር ይዘጋዋል። ላንተ አዘንኩና መላ አበጀሁ። ከተረፈኝ አረንጓዴ ጨርቅ ልክክ ያለ ቀሚስ ሰፋሁለት፤ ሲታጠፍ ፊደሉን ይሸፍነዋል። ጠርዙን ጥልፍ አደረግኩበት። አሁን ይታጠፋል። ትንሽ መጋሉ፣ ሲዞርም ጨርቁን እንደ ጥርስ ነከስ ማድረጉ ነው እንጂ ምንም አይል። ፎቶውን ልኬልሃለሁ።

ዘነበች እንደዚያው ናት። ጠይቀኸኝ አይደለም፣ ልንገርህ ብዬ ነው። ጠዋት፣ ቀንና ማታ የአጃ አጥሚት አጠጣታለሁ። ትጠጣና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ኀዘኑ ነው መሰለኝ።

አክስትህ ነሲባ


ሼንዘን፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለነሲባ፣

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ እጅዎን ይባርከው፤ ጥልፉ ያምራል። አሁን ግን በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያውልቁለት።

ዕቃው የሚተነፍሰው በሆዱ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ቀሚሱ አፍኖታል፤ የሚግለው ለዚያ ነው። እንደ ጥርስ ነከስ ያሉት ደግሞ ጨርቁ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ነው። ለአቧራ የሠራሁት ማጠፊያ ክር እየበላ ነው ማለት ነው።

ትናንት ስብሰባ ላይ አለቃዬ «የኢትዮጵያው ሙከራ ምን አሳየ?» አለኝ። ከላኩልኝ ፎቶ ሌላ ምን ነበረኝ? አሳየሁት። የዚያኛው ቡድን ኃላፊ «የኛ እንኳ ልብስ አይለብስም» አለና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አለቃዬ አልሳቀም። እሱ ነው የከፋው።

የፊደሉን ነገር ልክ ነዎት። ሸሁም ልክ ናቸው። ግን አሁን የት ልውሰደው? ተሠርቶ አልቋል። እባክዎ ትራስ ላይ ያድርጉት፣ ጭንዎ ላይ ያድርጉት፣ መሬት አይንካ። ብቻ ይታጠፍ። ማጠፊያው ላላ ወይስ ጠጠረ? ድምፅ አለው? ይህችን ብቻ ይጻፉልኝ። የመንደሩን ወሬ በሌላ ጊዜ። መጋቢት ሩቅ አይደለም አክስቴ።

ኡበይደላ


መርሳ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኡበይደላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከሳቁብህ በላይ ያድርግህ። ያንን የሚነቅል ሰውዬ ጥርሱን ይንቀልለት፤ አስተግፊሩላህ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

ቀሚሱን አውልቄዋለሁ። የገባበትንም ክር በመርፌ ለቅሜ አወጣሁለት። «የመንደሩን ወሬ በሌላ ጊዜ» ያልከኝን አንብቤ ደብዳቤህን አጥፌ ትራሴ ሥር ከትቼዋለሁ፤ ስናደድ አወጣዋለሁ። አሁን ተቀመጥና ስማኝ፤ ይኸም የመንደር ወሬ ነው።

በጥር አንዱን ቅዳሜ ፅዮን መንገድ ተዘግቶባት ከወልድያ ሳትመጣ ቀረች። ከዘነበች ጋር ልዋል ብዬ ስሄድ ያንን ዕቃህን ይዤ ገባሁ። ጭን ላይ ያድርጉት ስላልክ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በጣት የሚጻፍበትን ነጭ ገጽ ከፍቼ ስሞነጫጭር፣ በሩ ተንኳኳ። ዕቃውን ከዘነበች ብርድ ልብስ ላይ አኑሬ ተነሳሁ። ስመለስ ግራ እጇን አንስታ በጣቷ ነክታዋለች። ጥቁር መስመር ወጥቷል። ጣቷን አየች። መስመሩን አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ እየተንቀጠቀጠች መጻፍ ጀመረች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፣ ያውም በቀኝ እጇ፤ ሁሉም አጋድሟል። ጎንበስ ቀና ብዬ አነበብኩት።

«አጃ ሰለቸኝ።»

ወላሂ ኡበይድ፣ ከቡሄ ጀምሮ! ጠዋት፣ ቀንና ማታ! ለካስ ፊቷን ወደ ግድግዳው የምታዞረው አጃውን ጠልታ ነው። እኔ ደግሞ ኀዘን ነው እያልኩ ማር እጨምርበት ነበር። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ «ምን ላምጣልሽ ታዲያ?» አልኳት። «ቃሪያ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያልተባለው ሁሉ ይባል ጀመር። ያንን ሁሉ ብርድ ልብስ ስንደርብባት ሙቀት ሲገድላት ከርሟል። ፋንቱ ልትጠይቃት እየመጣች የሞተ ሰው ስትቆጥርላት ነበር የምትውለው፤ ዘነበች «ሂጂ» ብላ ጻፈችላት። ፋንቱ ማንበብ አትችልም። «ምን አለች?» አለችኝ። «እግዜር ይስጥሽ አለች» አልኳት። ዘነበች በግማሽ አፏ ሳቀች።

ሸህ አብዱልጀሊልም ሊጠይቁ ገቡ። ዕቃው ተጠቅልሎ፣ ፊደሉ ከሆዷ ላይ ተደፍቶ ነበር። እኔ ፈራሁ። እሳቸው ግን አዩና «የታመመ ሰው ገላ መሬት አይደለም» አሉ። ይኸው፣ ታብሌትህ ሥራ ጀመረ።

አሁን ለጠየቅከኝ። ድምፅ የለውም። አልላላም። ጠጣር ነው፤ እንዲያውም ግትር ነው። እኔ ስከፍተው በአንድ እጄ ታችኛውን ይዤ በሌላው እገፋለሁ። ዘነበች ያላት አንድ እጅ ነው። ስትገፋው ዕቃው ራሱ ተከትሏት ይሄዳል። በአገጯ ሞከረች። በጥርሷ ነከሰችው፤ ጠርዙ ላይ ምልክቱ አለ። አይሆንም። ከተዘጋ ሰው እስኪመጣላት ትጠብቃለች። የዓሪፍን ስልክ ሰጥተናት ነበር፤ ለሚንቀጠቀጥ ጣት ጠበባት። አንድ ቀን ገበያ ውዬ ስመለስ ዕቃው ራስጌዋ ተወርውሮ አገኘሁት። አነሳሁና ከፈትኩላት።

«ማነው የሠራው?» ብላ ጻፈች።

«ኡበይደላ ነዋ፣ ልጅሽ» አልኳት።

ረዘም አድርጋ ጻፈች።

ምን እንዳለች አልነግርህም። ሁለት ደብዳቤ ጻፍክልኝ። ስለ ማጠፊያህ ጠየቅከኝ፣ ስለ አቧራው ጠየቅከኝ። ስለ ጡት እናትህ አንዲት ቃል የለችበትም። ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

አክስትህ ነሲባ


ሼንዘን፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለነሲባ፣

ወዓለይኩም ሰላም። የረመዳኑን ጾም አላህ ይቀበልዎ፣ ለዒዱም ያድርስዎ። የዘገየሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ እዚህ የአዲስ ዓመት በዓላቸው ሆኖ ቢሮው ተዘግቶ ከረመ። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ።

ማጠፊያው የጠጠረው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። እንደ ደብተር ተከፍቶ መስተዋቱን በጣት ሲነኩት ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ነው። ባላላው በነኩት ቁጥር ይንገዳገዳል። ካጠበቅሁት ታችኛውን የሚይዝ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ታችኛውን ላክብደው ብል ተሸካሚው ይረግመኛል። ሁለት ዓመት እዚህ መሀል ላይ ነው የቆምኩት። ሁለተኛው እጅ ባይኖርስ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አሁን የምጽፈውን ሲያነቡ ይቆጡኛል። አለቆቹ ዕቃው ይመለስ ብለዋል። ማጠፊያውን ከፍተው የመርሳ አቧራ ውስጡን ምን እንዳደረገው ማየት ይፈልጋሉ። ያንን ካላዩ የኛን ሥራ ለምርጫው አያቀርቡትም። የራሴ ቢሆን አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ኢስሐቅ ከዒድ በኋላ ወደዚህ ይበራል፣ ይቀበልዎታል። ሲመለስ ተራ ታብሌት እልክላታለሁ፤ እሱ እስኪመለስ ግን ጊዜ ይወስዳል። አውቃለሁ። አውቃለሁ አክስቴ።

ሁለተኛው ምክንያት፦ እማ ዘነበችን ያልጠየቅሁት ረስቻት አይደለም። መልሱን ፈርቼ ነው። ማጠፊያ ስጠይቅዎ መልሱ ማጠፊያ ነው።

እንዴት ናት? ምን አለች?

ኡበይደላ


መርሳ፣ መጋቢት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኡበይደላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒድህን አላህ የደስታ ያድርግልህ፤ ብቻህን ሰግደህ እንደሆነም መላእክቱ ከጎንህ ይቁሙ። ዒድ ስለነበር ቤቱ ሰው ሲገባበት ሲወጣበት ሰነበተ። ማን መጣ፣ ምን አለ፣ እነግርሃለሁ። አንተ የምትፈልገው ከታች ነው። ዘለህ እንዳትሄድ፤ አውቅሃለሁ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ የጻፍኩልህን መልስ ዓሪፍ አነበበና «ይኼን እንኳ አልልክም» ብሎ ቀደደው። ደግ አደረገ። ግን ምን አደርግሃለሁ? አማና ባለቤቱ ሲጠይቅ ይመለሳል። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ የተኩራራሁ እኔ ነኝ፤ በራሴ ገመድ ታሰርኩ።

መጀመሪያ ፋንቱ መጣች። «ሌባ ወሰደው በዪው» አለች። «በረመዳን?» ብላት «ሌባ ይጾማል እንዴ!» አለችኝ።

ቀጥላ ፅዮን ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ደብዳቤህን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አንብባ ስታበቃ፣ «በመሥሪያ ቤቴ ሁሉ ወንድም አለኝ ስል ነው የኖርኩት። ወንድም የእናቱን አፍ ይቀማል?» አለች። ቀስ ብላ አልነበረም የተናገረችው። ዘነበች ከአልጋዋ ሰምታ በግራ እጇ አልጋውን ደበደበችው። ዝም በሉ ማለቷ ነው።

በዒዱ ማግስት ኢስሐቅ መጣ። ብላ ቢባል አልበላ፣ ተቀመጥ ቢባል አልተቀመጠ። «እቴ ነሲባ፣ ቻይና ስመላለስ ያልጫንኩት ዕቃ የለም። የሰው አፍ ግን ጭኜ አላውቅም» አለኝ። «አላገኘኋቸውም ልበለው?» ፅዮን በዓይኗ «በለው» ትላለች። ዓሪፍ ኮርኒሱን ያያል። እንግዲህ ሁላችንም ዘነበች አልጋ ዙሪያ ነን፤ ዕቃው ከሆዷ ላይ ነው። ማንም እሷን አልጠየቀም። አየህ፣ አሁንም አልተማርንም።

ጣቷን አነሳችና ጻፈች። «ስጡት። አማና ነው።»

ፅዮን ልትዘጋላት እጇን ስትዘረጋ መታቻት። ታችኛውን በጉልበቷና በግድግዳው መሀል ወትፋ፣ ላብ እስኪያሰምጣት ታግላ፣ ራሷ ዘጋችው። ኢስሐቅ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ።

ኡበይድ፣ ያን ቀን ቤቱ እንዴት እንደነበር አልጽፍልህም። አጃ ሳይሆን ሽሮ ሠራሁ፤ ሽሮውንም ግድግዳውን እያየች በላችው።

በሦስተኛው ቀን ሸህ አብዱልጀሊል መጡ። ከጋቢያቸው ሥር አሮጌ ሉህ አወጡ፤ የተሰነጠቀ፣ ልጆቹ የተዉት። ከሰልም በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። «ይኸም ሰሌዳ ነው» አሉ። «አይታጠፍም፣ መብራት አይጠይቅም።» እኔና ፅዮን ተያየን። ከቡሄ ጀምሮ እንጨት ጠፍቶ ነው? ከሰል ጠፍቶ ነው? ያ ዕቃህ ብርድ ልብሷ ላይ እስኪገኝ ድረስ፣ መጻፍ እንደምትችል ለአንዳችን እንኳ አልታየንም። ባንተ በዚህ መናደድ አልችልም፤ በራሴ ተናደድኩ። ሉሁ ከታብሌትህ አይሻልም ደግሞ፣ እንዳትቀየም። ሁለት ሦስት ቃል ሲሆን ይሞላል። እጇም፣ ብርድ ልብሱም፣ ግድግዳውም ጠቁሯል፤ ፅዮን ስታጥብ ነው የምትውለው።

እንግዲህ ጠይቀኸኛል፤ ልንገርህ። በጥር «የሠራው ልጅሽ ነው» ስላት የጻፈችው ይኸ ነበር፦ «ሲጠባም እንዲሁ ነበር። አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

ደብዳቤህን አነበብኩላት። «መልሱን ፈርቼ ነው» የምትለው ላይ ስደርስ ድገሚው ብላ በእጇ አሳየችኝ፤ ደገምኩላት። ዛሬ ጠዋት ይህን ልጽፍልህ ስቀመጥ ሉሁን ጠየቀችኝ። ከሰሉን ይዛ «እሱን በግራ፣ ፅዮንን በቀኝ» ብላ ጻፈች። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ለካ ስታጠባችሁ ያቀፈችበትን እጅ ማለቷ ነው። ፅዮን በጨርቅ ጠረገችላት። «የቀረልኝ የሱ እጅ ነው» አለች። ፅዮን ለመጥረግ ትንሽ ቆየች። ሲጠረግላት ሦስተኛውን ጻፈች፦

«በሱ ይከፈትልኝ።»

እንዲህ አለች። እኔ የጨመርኩበት የለም።

አክስትህ ነሲባ